የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖር እናትን ወይም አባትን ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ለማምጣት፦ ደረጃ በደረጃ

ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ወላጆቻችን ሲወለዱ ልደታቸውን የጻፈ መዝጋቢ አልነበረም። ዕድሜያቸው የሚቆጠረው «ንጉሡ ከስደት በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት» እየተባለ ነው። የብዙዎቹ ልጆችም ልደት እንደዚሁ አልተመዘገበም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ወረቀት አለመኖሩ ጉዳዩን አይዘጋም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ ሰነድ ለሌለው ሰው መንገድ አስቀምጧል፤ ተራው ግን አይዘለልም። መጀመሪያ ዋናው ሰነድ ይቀርባል። እሱ ከሌለ፣ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ደብዳቤና ምትክ ሰነድ ይቀርባል። ምትኩም ከሌለ ቢያንስ የሁለት ሰዎች የቃለ መሐላ ጽሑፍ ይቀርባል። ማመልከቻዎች የሚወድቁት አመልካቹ ሁለቱን ዘሎ ወደ ሦስተኛው ሲሄድ ነው፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያልነበረ ወረቀት ማሠራት ነው።

መጀመሪያ የማን ልደት እንደሚጠየቅ ይለዩ

ብዙ ቤተሰብ የእናቱን የልደት ወረቀት ፍለጋ ወራት ያባክናል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ፣ ማለትም ለፎርም አይ-130፣ የሚፈለገው ግን የእናት ሳይሆን የሚያመለክተው ልጅ የራሱ የልደት ማስረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መረጋገጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኚህ ሴት የእርስዎ እናት ናቸው። የእናትዬው የራሳቸው የልደት ማስረጃ የሚጠየቀው ማመልከቻው ጸድቆ ጉዳዩ ወደ ናሽናል ቪዛ ሴንተር፣ ማለትም የቪዛ ሰነዶችን ወደሚሰበስበው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ሲተላለፍ ነው። ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ ሆኖም ወረዳ ለሚሄድልዎ ወኪል ሁለቱንም በአንድ ጉዞ እንዲጠይቅ ይንገሩት።

ለእናት የሚቀርበው የእርስዎና የእናትዎ ስም ያለበት የልደት ማስረጃ ነው። ለአባት ሁለቱም ወላጆች የተጻፉበት የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃቸውና፣ ከመካከላቸው ቀድሞ ያገባ ካለ፣ ያ ጋብቻ በፍቺ ወይም በሞት ማብቃቱን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻ አይ-130 ይሞላል፤ አባት በእናት ማመልከቻ ላይ ተደርቦ አይመጣም፣ ዕድሜው ያልደረሰ ወንድም ወይም እህትም እንዲሁ።

ማመልከት የሚችለው ማን ነው

የአሜሪካ ዜጋ የሆነና 21 ዓመት የሞላው ልጅ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ለወላጅ ማመልከት አይችልም። በጉዲፈቻ አሜሪካ የገባ ልጅ፣ ዜጋ ቢሆንም፣ በጉዲፈቻው ባገኘው መብት የወለዱትን ወላጆቹን መጥራት አይችልም። ከእኛ አገር በዚህ መንገድ የመጡ ብዙ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይለዩ። የእንጀራ እናት ወይም አባት ከሆነ፣ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት።

ደረጃ 1፦ የራስዎን ፋይል ያንብቡ

ከዲቪ፣ ከስደተኝነት፣ ከጥገኝነት ወይም ከቤተሰብ ጥሪ ጀምሮ እስከ ዜግነት ማመልከቻዎ ድረስ የወላጆችዎን ስምና የትውልድ ቀን ደጋግመው ሞልተዋል። ማመልከቻውን የሚመረምረው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ አዲሱን ማመልከቻ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። በአንዱ ፎርም እናትዎ በ1945፣ በሌላው በ1948 እ.ኤ.አ. ተወለዱ ተብሎ ከሆነ፣ ይህን ከእርሱ ቀድመው ማወቅ አለብዎ። ቅጂው ከሌለዎ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የኢሚግሬሽን ፋይልዎን ከዩኤስሲአይኤስ (ከአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት) በኢንተርኔት መጠየቅ ይችላሉ፤ ማመልከቻው ክፍያ የለውም።

ልዩነት ካገኙ አይሸፍኑት። በማመልከቻው መሸፈኛ ደብዳቤ ላይ በሁለትና በሦስት አረፍተ ነገር ይግለጹት፦ በየትኛው ፎርም ምን ተጻፈ፣ ለምን፣ ትክክለኛው የትኛው ነው። ነገር ግን በስደተኛ ካምፕ አክስት «እናት» ተብላ ተመዝግባ ከሆነ፣ ወይም በሕይወት ያለ ወላጅ «ሞቷል» ተብሎ ከሆነ፣ ይህ በደብዳቤ የሚፈታ አይደለም። የራስዎን ዜግነት ጭምር ሊነካ ስለሚችል፣ ምንም ሳያስገቡ ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 2፦ ወረዳው የሚሰጠውን ያውጡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለአዋቂ ሰው ዘግይቶ የተመዘገበ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ይቻላል። እርስዎ አሜሪካ ካሉ በኤምባሲው ወይም በቆንስላው የተረጋገጠ ውክልና ለዘመድ ይላኩ፤ ወኪሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ ይጠቀምበታል። በውክልናው ላይ «የልደት ማስረጃ እንዲያወጣ፣ ማስረጃ ከሌለም ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲቀበል» የሚል ሐረግ ይግባ፤ ይህ ሐረግ ካልገባ ወኪሉ ደብዳቤውን ሲጠይቅ «ሥልጣን የለህም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ወረቀቱ ሲወጣ ሦስት ነገር ይፈትሹ። የእናት ሙሉ ስም፣ ከአያት ጋር፣ አለ ወይ? የምዝገባው ቀንና የልደቱ ቀን ለየብቻ ተጽፈዋል ወይ? የእንግሊዝኛው ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ ነው ወይ? ስህተት ካለ እዚያው ያሳርሙ። ከማመልከቻ በኋላ የታረመ ወረቀት ጥርጣሬ ያስከትላል።

ይህ ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ይወቁ። ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየው የምዝገባውን ቀን ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ተወልደው በ2017 የተመዘገበ ከሆነ፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ የተነገረን ነገር ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2017 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ዘግይቶ የተመዘገበ ልደት ከሌሎቹ ማስረጃዎችና ከጉዳዩ ሁኔታ ጋር አብሮ መመዘን አለበት። ስለዚህ ዘግይቶ የወጣ ወረቀት ይዘውም ቢሆን ደረጃ 3ን አይዝለሉ።

ወረዳው ምዝገባውን ካልፈጸመ ወይም የጥንቱ መዝገብ ከጠፋ፣ ደብዳቤ ይጠይቁ። በመሥሪያ ቤቱ አርማ ወረቀት ላይ የተጻፈ ዋናው ደብዳቤ ነው የሚፈለገው። ውስጡ ሊኖር የሚገባው፦ በማን ስም፣ ለየትኛው ዓመትና ቦታ መዝገብ እንደተፈለገ፤ አለመገኘቱ፤ ምክንያቱ፣ ማለትም ምዝገባ አልተጀመረም ወይስ መዝገቡ ተቃጥሏል፤ እንዲሁም ለዚያ ጊዜና ቦታ ሌሎች ተመሳሳይ መዝገቦች መኖር አለመኖራቸው። «ማስረጃ የለንም» የምትል ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ እነዚህን ስለማትይዝ አትጠቅምም፤ ጥያቄዎቹን በማመልከቻው ላይ ዘርዝረው ቢሰጧቸው እንደዚያው ዘርዝረው ይመልሳሉ።

ደብዳቤም አንሰጥም ካሉ፣ ሙከራዎን ይመዝግቡ። ገቢ የተደረገበት የማመልከቻ ቅጂ፣ ቀኑ፣ ደረሰኙ፣ እንደገና የተጠየቀበት ሁለተኛ ማመልከቻ። ደንቡ ደብዳቤ ማግኘት ላልቻለ ሰው ተደጋጋሚ ጥረቱን በማስረጃ እንዲያሳይ ይፈቅዳል፤ በቃል የተደረገ ምልልስ ግን ዱካ ስለማይተው አይቆጠርም።

ደረጃ 3፦ ለኢሚግሬሽን ተብለው ያልተሠሩ ሰነዶችን ይፈልጉ

ሚዛን የሚደፋው እዚህ ነው። ማንም አሜሪካን ባላሰበበት ዘመን የተጻፈ አንድ አሮጌ ወረቀት፣ ትናንት ከወጡ አምስት ምስክር ወረቀቶች ይበልጣል። ጊዜዎንም ገንዘብዎንም እዚህ ላይ ያውሉ።

የጥምቀት ማስረጃ። የአይ-130 መመሪያ የቤተ እምነት ማኅተም ያለበት፣ የልጁን የልደት ቀንና ቦታ፣ የሥርዓቱን ቀንና የወላጆቹን ስም የያዘ፣ ከልደቱ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ የተፈጸመ ሥርዓት ማስረጃ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ እንቅፋት አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የወንዱ በሁለት ወሩ ውስጥ ይገባል፤ የሴቷ ከሁለት ወር ያልፋል። በመሸፈኛ ደብዳቤው ላይ ሥርዓቱ ይህ መሆኑን ይግለጹ፣ ደብሩም በማስረጃው ላይ እንዲጽፈው ይጠይቁ፤ አለዚያ ሠራተኛው ዘገየ ብሎ ክብደቱን ይቀንሰዋል። ሌላው የስም ጉዳይ ነው። የክርስትና መዝገብ ላይ «ወለተ ማርያም» ወይም «ገብረ ሥላሴ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሰውየው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማስረጃው የክርስትናውንም የመጠሪያውንም ስም ይያዝ። ዛሬ በቃል ተነግሮ የተጻፈ ከሆነና ከመዝገብ ካልተገለበጠ ደግሞ ጥንካሬው የቃለ መሐላ ያህል ነው፤ የመዝገቡ ገጽ ፎቶ ከተገኘ አብሮ ይቅረብ።

የትምህርት ቤት መዝገብ። የሚመረጠው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። የተመዘገቡበት ቀን፣ የዚያን ጊዜ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና የወላጆች ስም ያለበት ደብዳቤ ያጽፉ። የእኛ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የአባትን ስም ብቻ ስለሚይዙ ለእናት ጉዳይ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምና ፊርማ ያለበት የምዝገባ ቅጽ ወይም ሪፖርት ካርድ ካለ እሱን ያስፈልጉ። ጥምቀት ለሌለው የሙስሊም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ዋናው ማስረጃ ይህ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ብዙ ሰው የማያስታውሳቸው አሉ። ወላጅዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ በግል ማኅደራቸው ውስጥ ያለው የሕይወት ታሪክ ቅጽ የልጆችን ስም ይዟል፤ የጡረታ ፋይልም እንዲሁ። የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ፣ የሆስፒታል ወይም የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ፣ የቤተሰብ አባላት የተዘረዘሩበት የእድር መዝገብ፣ አያት ሲሞቱ በፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ሁሉ ዋጋ አላቸው። የፍርድ ቤት ሰነድ በተለይ ጠንካራ ነው፤ ዝምድናው በሌላ ጉዳይ፣ በሌላ ጊዜ፣ በዳኛ ፊት ተረጋግጧልና። አሮጌ ፎቶዎችን ከጨመሩ ከጀርባቸው ማን፣ የትና መቼ እንደሆነ ይጻፉ፤ አሥር ይበቃል።

ደረጃ 4፦ የቃለ መሐላ ጽሑፎች

ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ዘመድ መሆናቸው ችግር የለውም፣ የአሜሪካ ዜጋም መሆን የለባቸውም። አመልካቹ ልጅና የሚጠሩት ወላጅ ግን ከሁለቱ አይቆጠሩም፤ የእናት የራሳቸው ቃል ተጨማሪ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል እንጂ ምስክሮቹን አይተካም።

መስካሪው ልደቱ ሲሆን በሕይወት የነበረና በግሉ የሚያውቅ መሆን አለበት። የዕድሜውን ሂሳብ ይሥሩ፦ እርስዎ ሲወለዱ አራት ዓመት የነበረ ወንድም ምስክርነቱ ደካማ ነው። የእናት እህት፣ ያዋለዱ ጎረቤት፣ የክርስትና እናት ወይም አባት ይመረጣሉ። በዕድሜ የገፉ ምስክሮች ካሉ ነገ ዛሬ ሳይሉ ያስጽፏቸው።

እያንዳንዱ ጽሑፍ የመስካሪውን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ከእርስዎ ጋር ያለውን ዝምድና፣ የሆነውን ነገርና እንዴት እንዳወቀ ይይዛል። ክብደት የሚሰጠው የመጨረሻው ነው። እንዲህ ተብሎ ሊጀመር ይችላል፦

«እኔ እገሊት፣ በ1935 ዓ.ም. በ… ተወልጄ በ… የምኖር፣ የእገሌ እናት ታናሽ እህት ነኝ። እህቴ እገሌን የወለደችው በ… ወር በ… ዓ.ም.፣ በ… መንደር በአባታችን ቤት ነው። በዚያን ጊዜ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ስሆን፣ ምጡ ሲመጣ አዋላጇን ጠርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሕፃኑንም በተወለደበት ሌሊት ታቅፌዋለሁ። አራስነቷን እስክትጨርስ አብሬያት ቆይቻለሁ…»

ለሁለቱም ምስክሮች አንድ ጽሑፍ ቀድቶ ስም ብቻ መቀየር ማመልከቻውን ይጎዳዋል። ሠራተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባል። እያንዳንዱ ያየውን በራሱ አነጋገር ይናገር፣ አንዱ የማያውቀውን ሌላው ይሙላ። በትክክል የማያስታውሱትን ቀን እንዲጽፉ አይጫኗቸው፤ «ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ» የሚል እውነተኛ ቃል፣ በሁለት ወረቀት ላይ ከተቀዳ ትክክለኛ ቀን የበለጠ ይታመናል። ጽሑፉ በመሐላ ይፈረም፣ የመስካሪው መታወቂያ ቅጂም ይያያዝ።

ለአባት ከሆነ

የወላጆች ጋብቻ በሽማግሌ፣ በቁርባን ወይም በኒካህ የተፈጸመና ወረቀት የሌለው ሊሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባህልና የሃይማኖት ጋብቻንም ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ጋብቻው መኖሩን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ወላጆችዎ ጭራሽ ካልተጋቡ፣ እርስዎ 21 ዓመት ከመሙላትዎ በፊት አባትዎ እውነተኛ የአባትነት ግንኙነት እንደነበራቸው ማሳየት ይኖርብዎታል፦ አብሮ መኖር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብዳቤ፣ የላኩት ገንዘብ።

ቀንና ስም

ጥያቄ የሚያስነሳው ትልቁ ምክንያት የቀን ቅየራ ነው። ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይስ ስምንት ይደመራል? ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ጥቅምት 5 ቀን 1940 ዓ.ም. ኦክቶበር 16፣ 1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጋቢት 5 ቀን 1940 ዓ.ም. ግን ማርች 14፣ 1948። ወረዳው፣ ተርጓሚውና ፎርሙን የሞላው ዘመድ ለየብቻ ከቀየሩት ሦስት የልደት ቀን ይወጣል። አንድ ሰው ይቀይረው፣ በመሸፈኛ ደብዳቤው ላይም የኢትዮጵያው ቀንና የተቀየረው ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ስምም እንዲሁ ነው። የእኛ ሴቶች ሲያገቡ ስም አይቀይሩም፣ «የቤተሰብ ስም» የሚባለውም የአባት ወይም የአያት ስም ነው። አሜሪካዊው ሠራተኛ የእናትና የልጅ መጨረሻ ስም ለምን እንደሚለያይ ላያውቅ ስለሚችል በአንድ አንቀጽ ይግለጹለት። በሰነዶቹ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፉ የሚለያይ ከሆነ የሁሉንም ዝርዝር አብረው ያስቀምጡ።

ማስገባት

ከኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአይ-130 ክፍያ በኢንተርኔት 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው፤ በሚያስገቡበት ቀን የዩኤስሲአይኤስን የክፍያ ገጽ ይመልከቱ። እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰነድ ሁሉ ሙሉ ትርጉም ይፈልጋል። ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ መቻሉን ጽፎ ይፈርማል። ማኅተሙና በጎን የተጻፈው ማስታወሻም ይተረጎም።

ተጨማሪ ማስረጃ ከተጠየቁ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ሲሆን አይራዘምም። መልሱ በአንድ ጊዜ ተጠቃልሎ ይላካል፤ ከፊሉን ዛሬ ከፊሉን በሚቀጥለው ወር ማለት አይቻልም፣ ባለው ይወሰናል። የዲኤንኤ ምርመራ በዚህ ጊዜ ሊጠቆም ይችላል። ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ደካማ ከሆነ እናትነትን በቀጥታ ያረጋግጣል። የሚጠበቀው ቢያንስ 99.5 በመቶ ነው፣ ላቦራቶሪውም ኤኤቢቢ (AABB) በተባለው ላቦራቶሪዎችን በሚመዝን ድርጅት ዕውቅና የተሰጠው መሆን አለበት። ቤት ውስጥ በፖስታ የሚሠራው ተቀባይነት የለውም። ያልተጋቡ አባት ሲሆኑ ዲኤንኤው ደሙን እንጂ ከ21 ዓመት በፊት የነበረውን ግንኙነት አያሳይም።

ከጸደቀ በኋላ

ናሽናል ቪዛ ሴንተር 325 ዶላር ለቪዛው፣ 120 ዶላር ለድጋፍ ሰነዱ ያስከፍላል፤ ከዚያ ዲኤስ-260 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ይሞላል። የወላጅዎ የልደት ማስረጃ የሚጠየቀው አሁን ነው፣ ሥርዓቱም ያው ነው፦ ዘግይቶ የወጣው ወረቀት ወይም የአለመኖር ደብዳቤው፣ ከአሮጌዎቹ ሰነዶች ጋር። የፖሊስ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ ወላጅዎ ከ16 ዓመታቸው በኋላ በሌላ አገር 12 ወርና ከዚያ በላይ ኖረው ከሆነ የዚያም አገር።

የድጋፍ ሰነዱን፣ ማለትም ፎርም አይ-864ን፣ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ ገቢዎ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ ወደ 26,437 ዶላር ነበር። ካልሞላ ሌላ ሰው አብሮ ዋስ ይሆናል፣ የእርስዎ ፎርም ግን አይቀርም።

የቃለ መጠይቁ ቀን

ትኬት ከመግዛትዎና ሥራ ከማስለቀቅዎ በፊት አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ገጽ ላይ ወቅታዊ የቪዛ ገደቦችን ይመልከቱ፤ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በድንገት ይለወጣሉ። የሕክምና ምርመራው ቀደም ብሎ ይደረግ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ።

ወላጅዎን ቀን እንዲሸመድዱ አያስጠኗቸው። ያመለከቱባቸውን ሰነዶች ቁጭ ብለው አብረው ያንብቡላቸው፦ የልጆች ስም በተራ፣ ጋብቻው የትና በማን ፊት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት ከየት እንደመጣ። የተወለዱበትን ቀን ካላወቁ «በትክክል አላውቀውም፣ ወረዳው በግምት ነው የጻፈው» ማለት ይችላሉ፤ ይህ መልስ ቪዛ አያስከለክልም። የሚያስከለክለው የሐሰት ሰነድ ነው። በሐሰት ማስረጃ የተያዘ ሰው ለዘለቄታው ይታገዳል፤ እገዳውን ለማስነሣት የሚቀርበው ይቅርታ ደግሞ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል፣ ሚስት ወይም ወላጅ ይጠይቃል። ልጅ አይቆጠርም። የሰማንያ ዓመት እናት አሜሪካ ውስጥ ያላቸው ልጅ ብቻ ከሆነ የሚጠጉበት ሌላ በር የለም፤ ስለዚህ ወኪልዎ «እኔ አሠራልሃለሁ» ሲልዎ፣ የአለመኖር ደብዳቤውን ብቻ እንዲያመጣ ይንገሩት።